ያልተባለው «ይቅርብኝ»

ይድረስ ለእትዬ፣ ለአባባ ቀኝ እጅ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ሞረዱ የበላው አውራ ጣትሽ ዳነ ወይ? ወገብሽስ? አሁንም ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ስትሞርጂ ሞርሳው ላይ ተደፍተሽ ነው የምትውይው ወይስ ያን ረዥም በርጩማ አሠራሽ? አባባ እንዴት ነው? በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ ጀመረ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ያቺ ማንኪያ ከሐሳቤ አልወጣችም፤ አፉ ጋ ደረሰች ወይስ መንገድ ላይ ደፋት እያልኩ ነው የከረምኩት። እማማስ? ጉልበቷ ከደረጃው ጋር ታረቀ? ድመቲቱስ አሁንም የምትተኛው የጓጉንቸሩ ሣጥን ውስጥ ነው? ሁላችሁንም አንድ በአንድ ጠይቄ ካልጨረስኩ ወደ ራሴ ወሬ መሄድ አይሆንልኝም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ባለፈው ሳምንት መንጋጋዬን አሞኝ ፊቴ እንደ ዱባ አብጦ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለሰው ጥርስ ስሠራ እየዋልኩ የራሴን ማስነቀል ፈርቼ ስሸሽ አጎታችን «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ። በመጨረሻ ተነቀለልኝ፤ አሁን ሳፏጭ ትንፋሹ በቀኝ በኩል ይሾልካል። የምኖርባት ክፍል ያው ከሥራ ቤቱ በላይ ያለችው ናት። መስኮቷ የአውቶቡስ ማቆሚያውን ስለሚያሳይ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የሚጋፋውን ሰው ከላይ እያየሁ ካልሲዬን አደርጋለሁ። ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቻለሁና እማማ ስለ ብርዱ አታስብ።

እትዬ፣ እስከዚህ ያለውን እንደ ወትሮሽ ጮክ ብለሽ ለአባባና ለእማማ አንብቢላቸው። ከዚህ በታች ያለውን ግን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ደንበኛ የሌለበትን ሰዓት ጠብቂና ቁጭ በይ፤ ቆመሽ አታንብቢው። ከዚያ በኋላ ለእነሱ ማንበቡንም አለማንበቡንም ላንቺ ትቼዋለሁ። «ደብዳቤው ምነው አጠረ?» ካሉሽ «ሥራ በዝቶበታል» በያቸው። እሱም ውሸት ነው፤ የመጨረሻው እንዲሆን አስቤያለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። አንዴ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ አንዴ ስለ ጫማዬ ሶል። በሦስተኛው አንቺ ራስሽ ነገሩ ገብቶሽ «ምን ሆነሃል፣ ዛሬ ጄሶ ጎርሰሃል እንዴ?» አልሽኝ። ሳቅሁና ዘጋሁት። አንዳንድ ነገር የሰው ድምፅ እየሰሙ አይነገርም፤ ወረቀት ግን ሲጽፉበት «ምን?» ብሎ አያቋርጥም።

ጎርጓሪን ታስታውሻለሽ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ እንዴት ይረሳል። እኔ ስምንት፣ አንቺ አሥር ዓመት ሆኖን አጎታችን ከዚህ የላከልን ያ ጥቁር የጨዋታ ካርቶን። ክዳኑ ላይ አንዲት ጀልባ፣ ጀልባዋ ላይ አንዲት ፋኖስ፣ ከሥሯ ደግሞ ከጀልባዋ የሚበልጥ አንድ ዓይን። አባባ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሥዕሉን ብዙ ካየ በኋላ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለና ወደ ቁልፉ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጨዋታው ስም ጎርጓሪ ሆነ። እውነተኛ ስሙን የጠየቀ የለም።

ሰሌዳው ከላይ ወደ ታች እየጠቆረ የሚሄድ ባሕር ነበር፣ አምስት እርከን ያለው። ሦስት ነጫጭ ዳይሶች ነበሩን፣ እኛ ጠጠር የምንላቸው፤ በሦስት ገጻቸው ዓሣ፣ በሁለቱ ባዶ ውኃ፣ በአንዱ ዓይን የተሣለባቸው። ጠጠሩ በተወረወረ ቁጥር መንጠቆው አንድ እርከን ይወርዳል፣ የወጣው ዓሣም መንጠቆው ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ወይ ዓሣውን ሰብስቦ ወደ ቅርጫት ማስገባት ነው፣ ወይ ደግሞ መወርወር። አምስተኛው እርከን፣ ወለሉ ላይ የደረሰ ጉዞው በዚያው ያበቃለታል፣ ዓሣውም ወደ ቅርጫት ይገባል። እስከዚያው ውርወራ ድረስ ሦስተኛ ዓይን የመጣበት ግን ከሥር ያለው ነገር አይቶታልና አለቀለት።

ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ዓሣዎቹ ብዙ ይቆጠሩ ነበር፣ መልካቸውም እየከፋ ይሄድ ነበር። አንዱ ጣት አለው። አንዱ ከውኃ ሲወጣ ያለቅሳል። ሦስተኛው እርከን ላይ ያለው የሰው ጥርስ አለው፣ እየሳቀ ነው የሚወጣው። እኔ በዚያ ጨዋታ ምክንያት የልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ብቻዬን እንደማልቆም ለማንም አልተናገርሽብኝም፤ ለዚያ ውለታሽ እንኳ አላመሰገንኩሽም። ያ ባለ ጥርሱ ዓሣ የጠፋ ጊዜ ደግሞ አንቺ ነሽ ከሻማ ቁራጭ በመርፌ ቀርጸሽ የተካሽው። ሁለት ቀን ሙሉ በእማማ የእጅ መስታወት አፍሽን ከፍተሽ ስታዪ እኔ ጥርስሽን ያመመሽ መስሎኝ ነበር።

መመሪያው የተጻፈው እኛ ቤት ማንም በማያውቀው ቋንቋ ነበር። አባባ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ለልጆቹ «አላውቅም» ከሚል ጓጉንቸሩን ቢውጥ ይመርጣል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበልን፤ ማለቴ እንደ አነበበ ሆነ። መሰብሰብ የፈለገ ሰው «ይቅርብኝ» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር አለበት፣ ቃሉን ያላለ አልሰበሰበም ብሎ ደነገገ። ሦስተኛ ዓይን የመጣበት መንጠቆው ላይ ያለውንም ቅርጫቱ ውስጥ ያለውንም ያጣል፣ «ባሕር ግማሽ አይወስድም» አለ። ድምፁን ወፍራም አድርጎ ስለተናገረው ሁለታችንም አመንን።

አንቺ ይቅርብኝ ማለት ታውቂበት ነበር። አንድ ዓይን ሲመጣ ጠጠሩን ታስቀምጫለሽ፣ ትንሽ ዓሣሽን ትሰበስቢያለሽ፣ ቅርጫትሽ በዝግታ ይሞላል። እኔ ደግሞ ሁለት ዓይን ተቀምጦ ሳለ «አንዴ ብቻ!» እያልኩ ወርውሬ ባዶ እጄን እቀራለሁ። እማማ በአጠገባችን ስታልፍ «የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ» ትለኝ ነበር። ቅጽል ስሜም ከዚያው መጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ አንዴ ብቻ እያለ ጠራኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። አባባ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት በወደቀ በአራተኛው ወር አጎታችን «ሥራዬን የሚማርልኝ አንዳቸውን ላኩልኝ፤ የጉዞ ፈቃዱ የወጣው ለአንድ ሰው ነው» ብሎ ጻፈ። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ሱቁንና አባባን ይዞ ይቀራል። አባባ እንዲመርጥ ስንጠይቀው «ሁለታችሁም ዓይኖቼ ናችሁ፣ የትኛውን ላውጣ?» ብሎ ፊቱን አዞረ። እማማ ዕጣ ይሁን አለች። በጎርጓሪ ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ። ሦስት ሦስት ጊዜ እንወርዳለን፣ ብዙ ዓሣ ቅርጫቱ ውስጥ የተገኘ ይሄዳል።

አንቺ ሥራውን እንዴት እንደፈለግሽው አውቅ ነበር። አጎታችን የላከውን የሥራ ጠረጴዛውን ፎቶ መስታወቱ ጥግ ላይ ሰክተሽ፣ ይሄ ለሰሙ ነው፣ ይሄ ለድዱ ነው እያልሽ መሣሪያውን አንድ በአንድ ታሳዪኝ ነበር፤ ሳታውቂው ስም አወጣሽለት። እኔ የፈለግኩት ሥራውን አልነበረም፤ መሄዱን ነበር። ይህን በዚያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ከጨዋታው ሦስት ቀን በፊት የመመሪያውን ወረቀት ከካርቶኑ አወጣሁና ከትምህርት ቤት በተዋስኩት መዝገበ ቃላት አንድ በአንድ እየፈታሁ ማንበብ ጀመርኩ። የሚጠቅመኝ ብልሃት ፍለጋ ነበር። እንዲህ የሚል መስመር አገኘሁ፦ «ሦስተኛው ዓይን መንጠቆው ላይ ያለውን ይወስዳል። ቅርጫት አይነካም።» ይቅርብኝ የሚል ቃል ደግሞ ከነጭራሹ የለም፤ እጅ ማንሳት ይበቃል። አባባ ያን ሁሉ ከሆዱ ነበር ያወጣው። ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ነበር፤ ያው እንደ ልማዴ ሦስተኛው ዓይን በእኔ ላይ ከመጣ አወጣዋለሁ፣ ቅርጫቴን አስመልሳለሁ። በአንቺ ላይ ቢመጣስ ብዬ አላሰብኩም። አይ፣ ዋሸሁ። አስቤአለሁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አላሰብኩትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰሌዳውን ያስቀመጥነው የአባባ አልጋ ጫፍ ላይ ነው፣ እሱም እንዲያይ ብለን። ያን ቀን ፈሪ ሆኜ ዋልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ በጥንቃቄ ወርጄ አሥራ አምስት ዓሣ ሰበሰብኩ። አንቺ በመጀመሪያው ዘጠኝ አገኘሽ። በሁለተኛውም ሌላ ዘጠኝ ይዘሽ «ይቅርብኝ» ስትይ እማማ የታጠፈ ልብስ ተሸክማ በበሩ ገባች። ቃሉን ስትሰማ ደነገጠች። «ኧረ በአፍሽ አታሟርቺ! ልትሄጂበት የተነሳሽበትን መንገድ ይቅርብኝ ይባላል?» አለችሽ። ልብሱን አስቀምጣ እዚያው ቆመች። ከልጅነታችን ጀምሮ የተጫወትንበት ቃል በአንድ ጊዜ ሌላ ቃል ሆነ።

ቅርጫትሽ ውስጥ አሥራ ስምንት ነበር። በሦስተኛው ጉዞሽ አንዴ ወርውረሽ ቃሉን ብትይ ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ። ወረወርሽ፣ ሁለት ዓሣ መጣ። አፍሽን ከፈትሽ። «ይ…» ስትይ ሰምቼሻለሁ። ከዚያ እማማን አየሽ፣ መስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ፎቶ አየሽ፣ አፍሽን ዘጋሽ። ከዚያም እኔን አየሽኝ። ምን እንደፈለግሽ ገብቶኝ ነበር። «እሺ፣ እንዳልሽው ቆጥሬዋለሁ» ብልሽ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሰሌዳውን ማየት ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ያለ ቃል የሚያበቃው መንገድ ወለሉ ብቻ ስለሆነ ወደ ታች ሄድሽ። በሁለተኛው ውርወራ አንድ ዓይን። በሦስተኛው ባለ ጥርሱን፣ የራስሽን የሻማ ዓሣ አወጣሽ። በአራተኛው ሁለተኛው ዓይን። በአምስተኛው ጠጠሩን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ብዙ ቆየሽ። ከዚያ ለቀቅሽው። ሁለቱ በዓሣ ቆሙ፣ አንዱ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ በዓይኑ ቆመ።

አባባ «ባሕር ግማሽ አይወስድም» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ራሱ ባወጣው ሕግ ራሱ እያዘነ። አንቺ በገዛ እጅሽ ቅርጫትሽን ሰሌዳው ላይ ገለበጥሽው። ወረቀቱ ደረቴ ላይ ነበር፣ ስተነፍስ ይንኮሻኮሽ ነበር። እጄን ወደ ኪሴ አልሰደድኩም። ያን ቀን የሆነው ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሽውን ደግሞ አልረሳም። ሳቅሽ። «በል ሸሚዝህን አምጣ፣ ሳይታጠብማ አትሄድም» አልሽኝ። ሸሚዙን ከመስጠቴ በፊት ወረቀቱን አወጣሁት። ካርቶኑን ስትሰበስቢ መመሪያው እንደሌለ አይተሽ ጠየቅሽኝ፤ አይጥ ወስዶት ይሆናል አልኩሽ። ጎረቤት «እንዴት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም አንድ ዓይነት መልስ ነበረን፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቁጥብ የነበረችው ልጅ በመጨረሻው ቀን ሰሰተች፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኔም ነግሬዋለሁ፣ ለዚህ አገር ሰው ሳይቀር እንደ ቀልድ ነግሬዋለሁ። አንቺ ስስታም ሆነሽ አታውቂም። በደብዳቤሽ ሁሉ «ምን ቀረብኝ ብለህ ነው» ትይኛለሽ። ያቺን መስመር ባነበብኩ ቁጥር ደብዳቤውን አጣጥፌ አስቀምጠዋለሁ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ስለ ሥራዬም እውነቱን ልንገርሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጽፍልሽ ጥርስ ሠሪ ሆኛለሁ ነው የምልሽ። እኔ የምሠራው ጄሶ በጥብጦ ማፍሰስ፣ ከረጢት መሸከም፣ ያለቀውን ጥርስ ማወልወል ነው። አጎታችን ጥርሱ የሚተከልበትን ሰም መቅረጽ ሊያስተምረኝ ያልሞከረው የለም። አንድ ጊዜ ሙሉ ሥራ ለብቻዬ ሰጠኝና የግራውን ክራንቻ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ተከልኩት። ባለቤቷ አሮጊት በማግስቱ ተመልሳ «ልጄ፣ ይሄ የማን አፍ ነው?» አለችኝ። አጎታችን አልተቆጣም፤ «እጅህ ለመዶሻ ነው» አለኝ፣ እውነቱንም ነው። የአባባ ሱቅ መዶሻ ይፈልግ ነበር፣ እዚህ ያለው ጠረጴዛ ያንቺን እጅ። ሁለቱም ቦታ የሚገባውን ሰው አላገኘም።

ባለፈው ወር ክፍሌን ሳጸዳ የሻማው ዓሣሽ ከሣጥኔ ሥር ወጣ። ስመጣ «እንዳትረሳኝ» ብለሽ ኪሴ ውስጥ የጨመርሽው እሱ ነው። ይዤው ወርጄ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ጄሶ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ አጎታችን ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎበታል። እጁ ከዓመት ወዲህ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ዓሣውን በሁለት እጁ ነበር የያዘው። ጥርሶቹን ቆጠራቸው። ክራንቻዎቹ በቦታቸው ናቸው አለ፣ የላይኛው ከታችኛው ይገጥማል አለ፣ ይህን የሠራ ሰው በመስታወት የራሱን አፍ ያየ ነው አለ። ማን እንደሠራው ነገርኩት። «በስንት ዓመቷ?» አለኝ። አሥራ ሁለት አልኩት። ማጉያውን ከዓይኑ አውርዶ «ታዲያ እሷን ለምን አልላኩልኝም?» አለ።

በጎርጓሪ እንደወሰንን ነገርኩት። ጨዋታውን የላከው እሱ አይደል፣ ሕጉን ያውቀዋል። አሥራ ስምንቱ እንዴት እንደጠፋ ስነግረው ፊቱን ቋጥሮ «ቅርጫት እኮ አይነካም» አለ። እትዬ፣ እዚህ ላይ ምን እንዳልኩ ስሚ። «አባባ ነው አሳስቶ ያነበበልን» አልኩት። ሽባ አባቴን ከሩቅ አገር ሆኜ ከሰስኩት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቱን ከሣጥኔ አውጥቼ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለትና ሁሉንም ተናገርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ንጋት አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል እሰማ ነበር፤ እናንተ ግን አሥራ አንድ ዓመት በላችሁት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን «ውኃ ጨምር»፣ «እሳቱን ቀንስ» ከማለት በቀር አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የጉዞ ፈቃድ ቅጽ አገኘሁ። ያው እንደ ድሮው ለአንድ ሰው ነው፣ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። «አሁንስ ስሙን በትክክል ጻፍ» አለኝ። ስምሽን ጻፍኩት፣ በሕይወቴ በጣም በጥንቃቄ የጻፍኩት ነገር እሱ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የምትፈርሚበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። ያ መመሪያም አብሮ አለ፣ ከየመስመሩ በላይ በአማርኛ ጽፌበታለሁ። ቅጹ እስከ ኅዳር መጨረሻ መድረስ አለበት። አጎታችን እጁ ከዚህ በላይ አይቆይለትም፤ የሚያውቀውን የሚሰጠው ሰው ካላገኘ ቤቱን ይዘጋል።

አባባንስ ለማን ትቼ ትይኛለሽ። ለእኔ። አንቺ ከመነሳትሽ በፊት ነው የምመጣው፣ ሥራውን ከእጅሽ እንድረከብ። አሥራ አንድ ዓመት የጄሶ ከረጢት የተሸከመ ሰው አባቱን ከአልጋ ማንሳት አያቅተውም። ቁልፍ መቅረጽ አልረሳሁም፤ የዚህን ቤት ቁልፍ ሁሉ የምቀርጸው እኔ ነኝ፣ እስካሁን አንድ በር ብቻ እምቢ ብሎኛል። እማማ ብትጠይቅሽ እሱ የሽንት ቤቱ ነው።

ምናልባት ሱቁን ወደሽው ይሆናል። ምናልባት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ደግሞ ተማሪ ልሁን እንዴ ትይ ይሆናል። ያን ጊዜ የወሰድኩብሽን አሁን ልመልስልሽ አልችልም፤ የሃያ አንድ ዓመት እጅሽን ማንም አይመልሰውም። ይህን አውቄ ነው የምጽፍልሽ። ቁጣሽንም እጠብቃለሁ። ደብዳቤውን ቀደሽ ብትጥይው፣ ለአባባ ጮክ ብለሽ ብታነቢው፣ ለጎረቤት ብትሰጪው እንኳ አፌን ሞልቼ የምናገረው የለኝም። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ንገሪልኝ። እማማ እስካሁን «ያን ቀን አፌን በቆረጠው» ትላለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አፏ ምንም አላደረገም በያት። ያጠፋው የእኔ አፍ ነው፣ ያውም በመዘጋቱ።

ለዚህ ሁሉ «ይቅር በይኝ» ልልሽ ብዕሬን አንስቼ ቃሉን ስጽፈው ያው የጎርጓሪ ቃል ሆኖ ታየኝ። አንቺ አልልም ብለሽ ያጣሽበትን ቃል እኔ ለምኜ ላገኝበት አፈርኩ። ስለዚህ ሰረዝኩት፤ እላይ ያለው ጥቁር ነገር እሱ ነው። ይቅርታሽ ለእኔ ይቅርብኝ። አንቺ ግን መንገዱን ይቅርብኝ እንዳትይ። አልሄድም ማለት ከፈለግሽ «አልሄድም» ብለሽ ጻፊልኝ፣ «ሱቄን አልተውም» ብለሽ ጻፊልኝ፣ «አንተ ከሃዲ» ብለሽ ጻፊልኝ። ያን ቃል ብቻ አታንሺው። እሄዳለሁ ካልሽ ደግሞ ምንም ቃል አያስፈልግሽም፤ እጅሽን አንሺና ፈርሚ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሕጉን አሳስቶ እንዳነበበ ካልጠየቀ አትንገሪው። ከጠየቀ ግን ድምፁ በጣም ያምር ነበር በይልኝ። እማማን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋን፣ ከማዶ ያለውን ባለ ሱቅና ሚስቱን ሰላም በይልኝ፤ ያን የስስት ወሬ የነገርኳቸው እኔ ነኝና ስመጣ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ድመቲቱን ከጓጉንቸሩ ሣጥን ሳታስወጪ ጀርባዋን ዳብሺልኝ።

አጎታችን ሰላምታውን ልኳል። የሻማ ዓሣሽን ከቅጹ ጋር ልልክልሽ ፈልጌ ነበር፣ አልሰጥም አለኝ። አዲስ በጠረገው ጠረጴዛ ላይ፣ የሰሙ መሣሪያ ካለበት አጠገብ አስቀምጦታል። ባለቤቷ ራሷ መጥታ ትውሰደው ብሏል።

ወንድምሽ፣
አንዴ ብቻ

ከጥርስ ሠሪው ቤት በላይ ካለችው ክፍል፣
ጥቅምት ፯ ቀን